አባባን ሰክረዋል ያልኩበት ቀን

ለውድ እህቴ ለእትዬ ገዲሴ ፈየራ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰንብተሻል? ጋሽ ቦጋለስ እንዴት ነው፣ የወደቡ ሥራ በረታበት ወይስ ቀለል አለለት? ውብነሽ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹ ሮበሌስ ጥርስ አወጣ? የአሰብ ሙቀት በዚህ ወር ትንሽ ይበርዳል ብለሽ ጽፈሽልን ነበርና፣ እንቅልፍ አስተኝቷችሁ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ ለቡ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ብርድ ሲሆን ጉልበቷ ብቻ ያስቸግራታል። ተናኘና ልጆቻችን ደህና ናቸው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። አባባም አሉ። «አሉ» ብዬ ማለፍ ስለማይበቃ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

በጥቅምት የላክሽው ደብዳቤ ከሸሚዙና ከተምሩ ጋር ከአሰብ በመጣው ሾፌር እጅ ደርሶናል። ተምሩን ልጆቹ በሁለት ቀን ጨርሰው ፍሬውን ይበቅላል ብለው ግቢ ውስጥ ቀብረውታል። ሸሚዙን ግን አልለበስኩትም። ተናኘ «ልክህ አይደለም እንዴ?» ብትለኝ ለበዓል ነው አልኳት። እትዬ፣ ደብዳቤሽን ለእማዬ ሳነብላት «ለታ ባይኖር አባባን ምን ይውጣቸው ነበር፤ እኔ የበኩር ልጅ ሆኜ ከቀይ ባሕር ጫፍ ስቀመጥ አንተ ደረስክላቸው» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ አለቀስኩ። እማዬ ናፍቆት መስሏት አብራኝ አለቀሰች። ናፍቆት አልነበረም፤ ሐፍረት ነበር።

በሰኔ የጻፍኩልሽን ታስታውሻለሽ። አባባን ምች መታቸው፣ ወዲያው ሐኪም ቤት አደረስኳቸው ብዬሽ ነበር። ምችም አልነበረም፣ ወዲያውም አላደረስኳቸውም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ የለመድኩ ነኝ። ሰው ስብሰባ ላይ ተሰዳድቦ ቢወጣ እንኳ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ» ብዬ የማሳምር ሰው ነኝ። የአባቴንም ነገር እንደዚያው አሳምሬ ላኩልሽ። ዛሬ ሳላሳምር ልሞክር።

የመሠረተ ትምህርቱ ዙር የተዘጋው በግንቦት፣ እሑድ ቀን፣ በመማሪያው ግቢ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ የሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ፣ አሁን ለቅቄያለሁ። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ከተማሪዎቹ አንድ ሰው ተነስቶ እንዲያነብ ተወሰነ። አባባን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ፊደል የቆጠሩ ገበሬ፣ ደግሞም የጸሐፊው አባት። ለሳቸው ክብር ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ለራሴ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ያዙት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእርሻ ሲመለሱ አጥሩ ሥር ይቀመጡና ያቺን አንድ ገጽ፣ ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እያስኬዱ፣ በሬ እንደሚነዳ ሰው ቀስ ብለው ያነቧት ነበር። በመጨረሻ በቃላቸው ያዟት። ቢሆንም ወረቀቱን ካላየሁ ማንበብ አይባልም ብለው እያዩ ያነቡ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ የቆለፈችላቸው ተናኘ ናት፤ ጣቶቻቸው እምቢ ብለዋቸዋል። «ቀኝ እጄ ደነዘዘኝ፣ ራሴንም ከብዶኛል» አሉኝ። እኔ የሪፖርቴን ወረቀት እያገላበጥኩ «ፈርተው ነው አባባ፣ ይለቅዎታል» አልኳቸው። ትንሽ ቆይቶ እውነትም ለቀቃቸው፣ ደህና ነኝ ብለው ተነሱ። በዋዜማው ጎረቤት ክርስትና ተጠርተው አረቄ መቅመሳቸውን ሰምቼ ነበር። አንድ ሁለት መለኪያ ማለት ነው፣ መቼም አባባ ከዚያ አያልፉም። ይህችን ነገር ልብ በይልኝ፣ በኋላ ሰበብ የሆነችኝ እሷ ናት።

ተራቸው ደርሶ ተነሱ። የመጀመሪያውን መስመር ጥርት አድርገው አነበቡት፣ ሰውም አጨበጨበ። ሁለተኛው ላይ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ተላወሰ። ቆም ብለው እንደገና ጀመሩ፤ የሚወጣው ድምፅ ግን አማርኛም ኦሮምኛም አልነበረም። ወረቀቱ ከቀኝ እጃቸው ተንሸራቶ ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ተንገዳገዱና ጠረጴዛውን ያዙ። የከንፈራቸው የቀኝ ጫፍ ወርዶ ምራቅ ይንጠባጠብ ነበር። ይህን ሁሉ አይቻለሁ እትዬ። ከሳቸው ሁለት ክንድ ያህል ርቄ ነው የቆምኩት፤ ከእኔ የቀረበ ሰው አልነበረም። ከኋላ አንዱ «ለአቶ ፈየራ የትናንቱ ክርስትና ገና አልወጣላቸውም» አለና ሳቅ ሆነ።

እኔ ግን የማየው የእንግዶቹን ፊት ነበር። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ ሌላው ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ ፈገግ አለ። ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩና በጆሯቸው «አንተ ሰውዬ፣ በሰው ፊት አዋረድከኝ» አልኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ያልኳቸውን አባቴን። ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞሬ «ጓዶች ይቅርታ፣ አባታችን ከደስታ ብዛት ትንሽ ቀማምሰዋል» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዶቹም ሳቁ፣ ያን ጊዜ ቀለለኝ።

ከግቢው ዘበኛ ጋር ሆነን ደግፈን አወጣናቸው። ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይጠርግ ነበር። ቤት ልላካቸው ብዬ አሰብኩና መንገድ ላይ ሰው ያያቸዋል ብዬ ተውኩት፤ ጠመኔና ሰሌዳ የሚቀመጥበት ክፍል አስገብቼ ጆንያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ በግራ እጃቸውም እጅጌዬን ያዙ። አስለቀቅኳቸውና ወጥቼ በሩን ከውጭ ቀረቀርኩት። ተመልሼም ሪፖርቴን አነበብኩ። የምስክር ወረቀት ታደለ፣ መፈክር ተባለ፣ ለስላሳ ቀረበ፣ እንግዶቹ ተሸኙ። ቃለ ጉባኤው ላይም «በዓሉ በደመቀ ሁኔታ ተፈጽሟል» ብዬ ፈረምኩ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጅቷል።

በሩን ስከፍት ከጆንያው ተንሸራተው መሬት ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ሱሪያቸው ርሷል። ዓይናቸው ግን ክፍት ነው፣ ያየኛል። ተንበርክኬ አፋቸውን አሸተትኩ። የአረቄ ሽታ አልነበረም።

ጥፋቴ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ተናኘ ከውጭ ሆና ስታየን እየጮኸች ወደ ሰፈር ሮጠች። ጩኸቷን ሰምተው ከመማሪያው አጥር ማዶ የሚኖሩት እማማ ትሩፋት መጡ። የአባባን አፍ መጣመም እንዳዩ «ምች ነው፣ ፀሐይ ላይ አቁማችኋቸው» አሉ። የተጣመመ አፍ ያየ የሰፈራችን ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይላል? ዳማ ከሴውን አስቀንጥሰው፣ በእጃቸው አሽተው፣ ግንባራቸውንና አፍንጫቸውን ቀቡላቸው። ይሁን፣ ቅጠሉ አልጎዳቸውም፤ ጊዜ በላ እንጂ። «ትንሽ ወተት ስጣቸው፣ ልባቸው ይመለስ» ሲሉኝ ግን በጀርባቸው አንጋልዬ፣ አገጫቸውን ይዤ፣ ወተቱን ያንቆረቆርኩባቸው እኔ ነኝ። ግማሹ በአፋቸው ጎን ፈሰሰ፣ ግማሹ ወደማይገባበት ገባ። ትን አላቸው፣ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ አሁንም «ትንሽ ብቻ አባባ፣ ትንሽ ብቻ» እያልኩ ነበር።

ብርጭቆውን ከእጄ የነጠቀኝ ተናኘ ሮጣ ያመጣችው ጋሽ ደምሰው ነው። አንቺ አታውቂውም፣ ከሄድሽ በኋላ ነው ሰፈራችን የገባው፤ እኔ የምሠራበት ፋብሪካ ክሊኒክ ድሬሰር ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ለእኔ ደግሞ አስተማሪዬ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለሠራተኞች የመጀመሪያ ዕርዳታ ሲያስተምር መዋጥ ያቃተው ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም ብሎ ደጋግሞ ነግሮናል። ያኔ የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። መስታወቱን በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ፣ ውስጡ ያለውን ግን ረስቼዋለሁ።

ጋሽ ደምሰው አባባን በጎናቸው አዞራቸው፣ ነጠላ አጣጥፎ ከራሳቸው ሥር አደረገ፣ አፋቸው ውስጥ የቀረውን በጨርቅ ጠረገ፣ የአንገታቸውን ቁልፍ ፈታ። ሲረጋጉ «አቶ ፈየራ፣ ጥርስዎን ያሳዩኝ እስቲ» አላቸው። ግራው ብቻ ተከፈተ። «ሁለቱንም እጅዎን ያንሱልኝ» አላቸው። ግራው ተነሳ፣ ቀኙ ከመሬት አልተነቃነቀም። «ስምዎን ይንገሩኝ» አላቸው፣ የሚይዙት ቃል አጡ። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ሳየው የነበረውን እሱ በሦስት ጥያቄ አወቀው። «ይሄ ምችም ስካርም አይደለም፣ የአንጎል ደም ሥር ነው። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አለኝ። «አሁን ነው» አልኩት። ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጋሽ ደምሰው፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው ብሎ፣ የነገርኩትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፈና ኪሴ ከተተልኝ።

የጎረቤት ፒክአፕ ተገኘ። እኔ አቅፌ አወጣኋቸው፣ መንገዱንም ሙሉ በጎናቸው እንደተኙ ራሳቸውን ጭኔ ላይ ያዝኩ። ጋሽ ደምሰው «ይሰማሉ፣ ዝም አትበላቸው፣ አናግራቸው» ይለኛል። ለድምፅ ማጉያው ያላጣሁት ቃል ለአባቴ ጠፋኝ። ብስራተ ገብርኤል ስንደርስ ሁሉም ተሳለመ፣ እኔ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀና ማለት አቃተኝ።

ሐኪሙ ሰዓቱን ሲጠይቀኝ የውሸቷን ወረቀት ሰጠሁት። ቀጥሎ «ወተት የሰጣቸው ማነው?» አለ። «አንዲት የሰፈር አሮጊት» አልኩት። እማማ ትሩፋት ከኋላ በታክሲ ተከትለውን መጥተው በረንዳው ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ያለቅሱ ነበር። ወተቱ ሳንባቸውን ስላሳመማቸው ሦስት ሳምንት ተኙ፤ ሁለት ጊዜም በቃ አለቀላቸው ተብለን ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ የእንግዳ ክብር እይዛለሁ ብዬ አባቴን ልጥል ነበር።

በነሐሴ ነገሩ እንቅልፍ ቢያሳጣኝ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩና እውነቱን ነገርኩት። ወጣት ሰው ነው። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። «ቀድመህ ብታመጣቸው እጃቸው ይድን ነበር ልልህ አልችልም፣ ያን አላውቅም። ሳንባቸው ግን አይታመምም ነበር። ብቻቸውንም መሬት ላይ አይቆዩም ነበር» አለኝ። እጃቸው ይድን ነበር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ብቻቸውን የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ አብራኝ ትውላለች።

አሁን ስለ ራሳችሁ ልንገርሽ። የወደቡ ክሊኒክ ለጋሽ ቦጋለ ደምህ ከፍ ብሏል ብሎት መድኃኒቱን ሲሻለኝ ተውኩት ማለቱን ጽፈሽልኛል። እህቴ፣ ለምኚው፤ እምቢ ካለም ተጣይው። የአባባም ደም እንደዚያው ከፍ ብሎ ኖሮ ማንም አላወቀም፤ አንቺም የሳቸው ልጅ ነሽና ተለኪ። ከእናንተ መካከል አንዱ በድንገት አፉ ወደ አንድ ጎን ከተሳበ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ምን ጠጣህ ብለሽ አትጠይቂው። ፈገግ በል በይው፣ ሁለቱንም እጅ አንሳ በይው፣ አንድ ነገር ተናገር በይው። አንዷ እንኳ እምቢ ካለችው መኪና ፈልጊ። ትንሽ ቆይቶ ተሻለኝ ቢልም አትመኚው፤ አባባም ጠዋት ተሽሏቸው ነበር። በጎኑ አስተኚው፣ ውሃም ሆነ ወተት፣ ክኒንም ቢሆን አፉ ውስጥ አትጨምሪ፣ ብቻውንም ለአፍታ አትተይው። መጨረሻ ደህና ሆኖ ያየሽውን ሰዓት ያዢና ለሐኪሙ እውነቱን ንገሪው። ውብነሽንም አስተምሪያት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ለዚህ ትንሽ አይደለም።

አባባ አሁን በምርኩዝ እስከ አጥሩ ድረስ ይሄዳሉ። ቀኝ እጃቸውን ግራው አንስቶ ጭናቸው ላይ ያስቀምጠዋል። አማርኛው አሁንም ይጠፋባቸዋል፣ ኦሮምኛው ይሻላል፣ እሱም አንድ በአንድ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ምን ሆነው ነው ሲባሉ «ለታ ተሸከመኝ» ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም። ሰዉም ይመርቀኛል። በመስከረም የእድራችን ስብሰባ ላይ ዳኛው ስሜን ጠርተው አስነሱኝና አባቱን ከሞት አፍ ያወጣ ልጅ ብለው አስመረቁኝ። አሜን አልኩ። ሰው መሳይ በሸንጎ ማለት እኔ ነኝ እትዬ።

ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ጽፌ ትናንት ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ለአባባ አነበብኩላቸው። እማዬ ገበያ ሄዳ ነበር። ሳይሰሙት ለአንቺ መላክ ሁለተኛ ጊዜ በር መዝጋት መስሎ ታየኝ። እስካሁን የተጽናናሁት ያን ቀን ረስተውታል ብዬ ነበር፤ ሐኪሙም አንዳንዱ ይረሳዋል ብሎኝ ነበር። የጠመኔው ክፍል ላይ ስደርስ ግራ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉና «ዲሲ» አሉኝ። ተው ማለታቸው መሆኑን ለአንቺ አልተረጉምልሽም። ማንበቤን ቀጠልኩ። «ዲሲ፣ ለታ» አሉ ደግመው። ከዚያ እያረፉ፣ እያረፉ፣ «ስትቀረቅር… ሰምቻለሁ። ገዲሴ… አትስማ» አሉኝ።

ሰባት ወር ሙሉ ያውቁ ነበር። ለጠያቂው ሁሉ «ለታ ተሸከመኝ» ሲሉ የኖሩት እያወቁ ነው። እግራቸው ላይ ወደቅኩና ይቅር ይበሉኝ አልኩ። በመንገዱ ሰዎች ከገበያ ይመለሱ ነበር፣ ድምፃቸው ይሰማል። አባባ በደህናው እጃቸው ትከሻዬን ገፋ አደረጉኝ። «ተነስ… ሰው ያይሃል» አሉኝ።

አትንገራት ያሉኝን ይኸው ነገርኩሽ፤ ያባቴን ቃል መተላለፌ እሱም ከጥፋቴ ይደመርብኝ። ለእማማ ትሩፋት ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ለእድሩ ደግሞ በሚመጣው ስብሰባ ራሴ ተነስቼ እናገራለሁ። አንቺ ይቅር ብዬሃለሁ ብለሽ በደብዳቤ አትላኪልኝ፤ እንደ ምርቃቱ አሜን ብዬ እንዳልቀበለው እፈራለሁ።

ጋሽ ቦጋለን ከልብ ሰላም በይልኝ፣ የመድኃኒቱንም ነገር አደራ። ውብነሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ትንሹን ሮበሌንም እንዲሁ። እማዬ አይንሽን ለማየት ቸኩያለሁ ብላሻለች። ተናኘ ናፍቆቷን ልካለች፣ ልጆቹም ተምሩ ገና አልበቀለም ብለውሻል። የአባባን ሰላምታ ግን እኔ አልጽፈውም። ለፋሲካ ነይና፣ ቃሉ እስኪወጣላቸው አጠገባቸው ተቀምጠሽ፣ ከራሳቸው አፍ ስሚው።

ታናሽ ወንድምሽ
ለታ ፈየራ

ለቡ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 16 ቀን 1976 ዓ.ም.